ቴሌቪዥኑ ያሸነፈበት ምርጫ

ሰው አንድን ነገር በዓይኑ አይቶ፣ በጆሮው ሰምቶ፣ ከዚያም አልፎ ፈርሞበት ሲያበቃ «እስቲ ደግሞ ቴሌቪዥኑ ምን ይላል?» ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ሰምቻለሁ። ዝናብ መዝነቡን በመስኮት ከማየት ይልቅ የአየር ትንበያ የሚጠብቅ ጎረቤት አለኝ። ልብሱ ገመድ ላይ እየበሰበሰ «ሆሳዕና ዛሬ ፀሐያማ ናት ብለዋል» ይለኛል፤ እሱም በረንዳ ላይ ተጠልሎ፣ እኔም ጃንጥላ ይዤ። እስካለፈው ምርጫ ድረስ ይህ የሰውዬው የግል ጠባይ ነው ብዬ ንቄ አልፌው ነበር። ለካስ ነገሩ የግል አይደለም። ለካስ ኮት ለብሶ፣ ሚኒባስ ተሳፍሮ፣ እኔው ቤት ሶፋ ላይ ይቀመጣል።

የባለቤቴ የአስቴር ታላቅ እህት ማርታ ትባላለች። ሞርሲቶ አካባቢ ባለ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ናት፤ ያገሩ ሰው ሁሉ «ሲስተር» ነው የሚላት። ታዲያ ሲስተር ማርታ አንድ ቀን ተነስታ ለተወካዮች ምክር ቤት በግሌ እወዳደራለሁ አለች። ምክንያቷ ረጅም አልነበረም። ክረምት ሲገባ ወደ ገጠር ቀበሌዎች የሚወስደው መንገድ ጭቃ ይሆንና አምቡላንሱ ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማል፤ ምጥ የያዛት ሴት ከዚያ ወዲያ በቃሬዛ ነው የምትመጣው። አንዳንዷ ትደርሳለች። ማርታ ይህን ጉዳይ ለወረዳ አመለከተች፣ ለዞን አመለከተች። «በዕቅድ ተይዟል» የሚለውን መልስ እንደ መዝሙር በቃሏ ካጠናች በኋላ፣ እንግዲያውስ ዕቅዱ የሚያዝበት ቦታ ራሴ ልሂድ አለች።

የመወዳደሪያ ምልክቷ መሰላል ነበር። ለምን መሰላል ሲሏት «የቀረው እሱ ነበር» ትላለች፤ ፖለቲከኛ አለመሆኗን ያወቅኩት ያኔ ነው። ፖለቲከኛ ብትሆን መሰላሉ የዕድገት ተስፋ ነው ብላ ግማሽ ሰዓት ታወራልን ነበር። ብቻ ዞረች። በእግሯ ከቀበሌ ቀበሌ፣ ከገበያ ገበያ ዞረች። ያዋለደቻቸው እናቶች እንመርጥሻለን አሏት። መረጧትም። አልበቃም እንጂ።

አለመብቃቱ ደግሞ የተደበቀ ነገር አይደለም። ምርጫው በተደረገ ማግስት ውጤቱ በየምርጫ ጣቢያው በር ላይ ተለጠፈ። ቀጥሎም የሁሉም ተደምሮ እጩዎቹ ባሉበት ተነበበ። ያሸነፉት የፓርቲው እጩ አቶ ኤርጃቦ ናቸው። አቶ ኤርጃቦ ግዙፍ፣ ዝምተኛ፣ ሰው ሲያዩ ቀድመው አንገታቸውን የሚደፉ፣ ወደ ቢሮ ሥራ እስኪዛወሩ ድረስ ሂሳብ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ድምሩ ሲነበብ ማርታም ነበረች፣ እሳቸውም ነበሩ። ሁለቱም ፈረሙ። ተጨባበጡ። ማርታ በማግስቱ ነጭ ጋወኗን ለብሳ ሥራ ገባች። አለቀ።

አለቀ ያልኩት እኔ ነኝ። አማቴ ጋሽ ዴታሞ ግን «ገና ነው» አሉ። ጋሽ ዴታሞ ገበሬና የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። ከብት ሲገዙ ጥርሱን ሳይቆጥሩ፣ ወንዝ ሲሻገሩ በዱላ ጥልቀቱን ሳይለኩ የማያልፉ ጥንቁቅ ሰው ናቸው። ቴሌቪዥን ላይ ሲደርሱ ግን ያ ሁሉ ጥንቃቄ ምን እንደሚውጠው አላውቅም። «በር ላይ ወረቀት ማንም ይለጥፋል» አሉ። «እኔም ሙጫ ካለኝ እለጥፋለሁ። የአገር ምርጫ እስከሆነ ድረስ አገር በሚሰማበት ሲነገር ነው የማምነው።»

እሳቸው መንደር ትራንስፎርመሩ ተቃጥሎ መብራት ከጠፋ ሰንብቷል። ስለዚህ ቴሌቪዥኑ ውጤት ያነባል በተባለበት ቅዳሜ፣ የሠርግ ኮታቸውን ለብሰው፣ ማርታን አስከትለው ሆሳዕና መናኸሪያ ወረዱ። በዝናብ ሄጄ ተቀበልኳቸው። ማርታን ጠጋ ብዬ፣ አንቺ ደግሞ ያወቅሽውን ነገር ልትሰሚ ለምን መጣሽ አልኳት። «አባባ ብቻውን ሰምቶ እንዳይደነግጥ ነው» አለችኝ። ፊቷ የሌሊት ተረኛ ሆና ያደረች ሰው ፊት ነበር። ከምርጫው ወዲህ እንዲህ ነው የሆነችው፤ አታለቅስም፣ አትቆጣም፣ ሲጠይቋት ብቻ ትመልሳለች። አስቴር «እህቴ የሆነ ነገር ውጣለች» እያለች ስትሰጋ ነበር የሰነበተችው።

እንግዲህ ተቀመጥን። ቴሌቪዥኑም ጀመረ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልናደድ ፍቀዱልኝ። የአንድ ሕዝብ ዕጣ ፈንታ የሚነገርበት ቀን ነው አይደል? መስታወት ጠረጴዛ ላይ ከረባት ያሰሩ ሰዎች ተደርድረዋል። አንደኛው ሂደቱን በሂደት ነው ማየት ያለብን አለ። ሌላኛው በሐሳቡ እንደሚስማማ ገልጾ፣ ሆኖም ሂደቱ ሂደታዊ መሆኑን ማስመር እፈልጋለሁ አለ። ከዚያ የቀለም ማስታወቂያ። ከዚያ አንድ ምስኪን ጋዜጠኛ ዝናብ ላይ አቁመውት ከጀርባዬ የምትመለከቱት በር ነው አለን። እውነቱን ነው፤ በር ነው። ከዚያ የምግብ ዘይት ማስታወቂያ። ጋሽ ዴታሞ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ዘይቱንም፣ በሩንም፣ ሂደቱንም በእኩል አክብሮት ያዳምጣሉ።

ቀጥሎ ካርታ አወጡ። ካርታውን ባያወጡት ይሻል ነበር። እኔ ጂኦግራፊ የማስተምር ሰው ነኝ። አያቴ በጸሐፊነት ተመድበው ከሰሜን መጥተው እዚሁ ከቀሩ ጀምሮ ቤተሰባችን ይህን አገር በእግሩ ያውቀዋል። ካርታው ላይ ዱራሜ ከሆሳዕና በስተሰሜን ተቀምጣለች። ሆሳዕናን ደግሞ ገፍተው ገፍተው ሐይቅ ውስጥ ከተዋታል። ተማሪዬ እንዲህ ቢሥል ወላጅ አምጣ እለዋለሁ። ተነስቼ በጣቴ እያሳየሁ፣ ይኸው እኛ አሁን ዓሣ ሆነናል አልኩ። ጋሽ ዴታሞ «መምህር፣ ከለልከን» አሉኝ። ተቀመጥኩ።

ከሰዓት በኋላ፣ ሁላችንም በደከመን ሰዓት፣ የኛ የምርጫ ክልል ተጠራ። ጋሽ ዴታሞ ቀና አሉ። ማርታ የሻይ ስኒዋን አስቀመጠችና እጆቿን ጉልበቷ ላይ አጣጠፈች። ከመቅጽበት ስክሪኑ ላይ ፎቶ ወጣ። የማርታ ፎቶ ነው፤ ያ ለእጩነት የተነሳችው፣ ዓይኗ የፈጠጠበት። ዜና አንባቢውም በዚያ ደረት በሚያንቀጠቅጥ ድምፁ ወይዘሮ ማርታ ዴታሞ አሸናፊ ሆነዋል ብሎ ወደ ሌላው ክልል ተሻገረ።

ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ይሰማል። ከዚያ አስቴር እልልታዋን አቀለጠችው። ጋሽ ዴታሞ ቀስ ብለው ቆሙ፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። አንድም ቃል ሳይጨምሩ «እንጸልይ» አሉ።

ቆምን። የቴሌቪዥኑ ድምፅ ተቀነሰ። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው በሀዲይኛ ምስጋናቸውን ጀመሩ፤ አስቴርም ማርታም ጨፈኑ። እኔ በኦርቶዶክስ ቤት ያደግኩ ሰው ነኝ፤ ሥዕል እያየሁ መጸለይ ለምጄ ዓይኔ አይጨፈንልኝም። እንግዲህ ከፊቴ የነበረው ሥዕል ቴሌቪዥኑ ነበር። የስፖንጅ ፍራሽ ማስታወቂያ እየታየ ነው። አንዲት ሴትዮ ፍራሹ ላይ ትንከባለላለች። ከእሷ ሥር፣ በስክሪኑ ግርጌ፣ ጉንዳን የሚያህሉ ፊደላት እየሮጡ ያልፋሉ። አጎንብሼ አነበብኩ። ማስተካከያ ይላል። የኛን ክልል ስም ይጠራል። ቀደም ሲል የተነበበው በስህተት ነው፣ ይቅርታ እንጠይቃለን ይላል። ፊደሉ ሮጠና አለቀ። ሴትዮዋ አሁንም ትንከባለላለች።

ልብ አድርጉልኝ እንግዲህ። ስህተቱን ሲናገሩ በፎቶ፣ በሙዚቃ፣ በነጎድጓድ ድምፅ። ይቅርታውን ግን ከፍራሽ ሥር። እኔ ባለ ዕዳ ብሆን እንዲህ የሚሸሸግ ይቅርታ ይዤ የሰው ደጅ አልረግጥም።

አሜን ተባለ። ጉሮሮዬን ጠራርጌ፣ ማስተካከያ አልፏል፣ ስህተት ነበር ብለዋል አልኩ። ጋሽ ዴታሞ «መቼ?» አሉኝ። ሲጸልዩ ሳለ አልኳቸው። ረጅም ጊዜ አዩኝ። «እኔ እግዚአብሔርን ሳመሰግን አንተ ቴሌቪዥን ታያለህ?» አሉ። አስቴርም እንደ አባቷ አየችኝ። የዘገበው ቀርቶ ያነበበው ተከሰሰ። የረዳችኝ ማርታ ብቻ ናት። «እውነቱን ነው አባባ። አላሸነፍኩም። ፈርሜያለሁ እኮ» አለች። አባቷ ግን በርኅራኄ ራሳቸውን ነቀነቁላት። «አንቺ የምታውቂው የወረዳውን ነው ልጄ። እነሱ ከላይ ሆነው ነው የሚያዩት» አሏት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለማስቆም የሚችል ሰው ካለ እኔ አይደለሁም። ስልኩ መጮኽ ጀመረ። የጤና ጣቢያው ዘበኛ ደወለ፣ የመዘምራን ኅብረቱ ደወለ። ዱራሜ ለሥራ የሄደው የማርታ ባል ደወለ። ይህ ሰው በቆጠራው ጊዜ የማርታ ወኪል ሆኖ ድምፁ አንድ በአንድ ሲቆጠር ሲያይ የዋለ ነው። እሱስ ይስቃል ብዬ ስጠብቅ፣ «ምናልባት አዲስ አበባ ሲደርስ ድምሩ ሌላ ሆኖ ይሆን እንዴ?» ብሎ ጠየቃት። ማርታ መልስ ሳትሰጠው ስልኩን አጠፋችው። አስቴር ጓዳ ገብታ ለበዓል ያስቀመጥነውን ቅቤ ማቅለጥ ጀመረች፤ አተካና ልትሠራ ነው፤ ያ ቡላው በቅቤ እየሰከረ የሚበስለው፣ ለሠርግና ለትልቅ እንግዳ ካልሆነ የማይሠራው። ሽታው ቤቱን ሞላው። እኔ ሳሎን ቁጭ ብዬ ሪሞቱን አጥብቄ ይዤ፣ ያ ጉንዳን ፊደል ተመልሶ ቢመጣ ብዬ ከሴትዮዋና ከፍራሿ ጋር ቀረሁ።

በዚህ መሃል በራችን ላይ ባጃጅ ቆመ። አስቴር በመስኮት አየችና «ኧረ አቶ ኤርጃቦ ናቸው» አለች። አሸናፊው ተናዶ መጣ፤ ይገባዋልም፤ ሰው ያሸነፈውን ሲነጥቁት ዝም ይላል? ብዬ ልሸመግል ተነሳሁ። አቶ ኤርጃቦ ዝናብ እየወረደባቸው፣ አንድ ሳጥን ለስላሳ ራሳቸው ተሸክመው ገቡ። ሳጥኑን አስቀመጡ። እንደ ልማዳቸው አንገታቸውን ደፉና ማርታን በሁለት እጃቸው ጨበጧት። «ሲስተር፣ እንኳን ደስ ያለሽ። እህቴ ቤት ሆኜ ሳይ ነበር። ሳልውል ሳላድር ልምጣ ብዬ ነው» አሉ።

ማርታ እጇን ሳትነጥቅ «አቶ ኤርጃቦ፣ ያሸነፉት እርስዎ ነዎት» አለቻቸው።

«እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር» አሉ በትሕትና።

ይህን ስሰማ መቀመጥ አቃተኝ። ጌታዬ፣ እርስዎ ሂሳብ አስተማሪ አይደሉም ወይ? ድምሩ ሲነበብ አልነበሩም ወይ? ተሳስቷል ወይ? አልኳቸው። አቶ ኤርጃቦ አሰቡ። «ኧረ ድምሩ ትክክል ነው። እኔም በልቤ ደምሬው ነበር» አሉ። እና ታዲያ? «እነሱ እኮ መምህር፣ ኮምፒውተር አላቸው» አሉኝ። ጋሽ ዴታሞ ከሶፋው ላይ ራሳቸውን በረጅሙ ነቀነቁ፤ በመጨረሻ አንድ የተማረ ሰው አገኙ።

ስለ ማስተካከያው ነገርኳቸው። እንደ ጋሽ ዴታሞ ይከራከሩኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ትከሻቸው ወረደ። ወንበሩ ላይ ቁጭ አሉና ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው፣ ለማንም ሳይሆን ለምንጣፉ ይመስል ማውራት ጀመሩ። «እውነቱን ልናገር» አሉ። «ተወዳደር አሉኝ፣ ተወዳደርኩ። እኔ ሰው ፊት ቆሜ መናገር አልችልም። ዕድሜዬን ያስተማርኩት ፊቴን ወደ ሰሌዳው አዙሬ ነው። አሸንፈሃል ካሉኝ ቀን ጀምሮ ምግብ አይበላልኝም። አሁን የሲስተርን ስም ሲጠሩ ምን እንደተሰማኝ ታውቃላችሁ? ተገላገልኩ አልኩ።»

አስቴር የእንጨት ማንኪያዋን ይዛ ጓዳው በር ላይ ቆማለች።

ማርታ ተነሳች። መጀመሪያ በሀዲይኛ ነበር የጀመረችው፤ የሰማሁት ጥቂቱን ነው፤ ፈጣን ነበር። ከዚያ እኔ እንድሰማው ይሁን ወይም ለራሷ፣ ወደ አማርኛ መጣች። ድምፅዋን አላነሳችም። «ተገላገልኩ አሉ» አለች። «እኔ ሳገላግል ነው የኖርኩት አቶ ኤርጃቦ። ሥራዬ ነው። ሴቶቹ ልጅ አዝለው ፀሐይ ላይ ተሰልፈው መረጡኝ። አልበቃም፣ እሺ፤ ሕዝብ ነው፣ ተቀበልኩ። ለሚፈልገው ሰው ነው የተሸነፍኩት ብዬ ነበር የማድረው። እርስዎ ይኸን ነገር አልፈለጉትም። እኔ ለማይፈልገው ሰው ተሸነፍኩ?» መጨረሻው ላይ ድምፅዋ ተሰበረ። ያ ከምርጫው ጀምሮ ውጣው የነበረችው ነገር መጣ፤ ቆማ አለቀሰች፤ እንባዋንም አልጠረገችም። አቶ ኤርጃቦ ምን እንደሚያደርጉ ጠፍቷቸው የለስላሳ ጠርሙስ አነሱና መልሰው አስቀመጡት። ጋሽ ዴታሞ ልጃቸውን እንጂ ቴሌቪዥኑን አያዩም ነበር፤ በዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ።

አልቅሳ ስታበቃ አፍንጫዋን ጠረገችና «ይነሱ» አለቻቸው።

«እኔ?»

«እርስዎ። ያሸነፉት እርስዎ ነዎት፤ ይሄዳሉ። ሄደው ምን እንደሚሉ ደግሞ እኔ እነግርዎታለሁ። ይነሱ።»

ተነሱ። ያን የሚያህል ሰው፣ እንደ ተማሪ፣ ሳሎናችን መሃል ቆሙ። ማርታ ስለ መንገዱ ነገረቻቸው፤ የትኛው ወንዝ ሲሞላ የትኛው ቀበሌ እንደሚቆረጥ፣ አምቡላንሱ የት ላይ እንደሚቆም፣ ቃሬዛው በየትኛው ዳገት እንደሚወጣ። ከዚያ እሱን ይናገሩት አለቻቸው። ተናገሩ፤ ከጫማቸው በቀር ግን የሰማቸው የለም። «አልተሰማም» አለች። ደገሙት። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ማዞር ሲጀምሩ «ወደኛ» አለች። ወደኛ ዞሩ። ላብ አጠመቃቸው። ምጥ የያዛት ሴት ጋ ሲደርሱ ቆም አሉና፣ ማርታ ያላለችውን ነገር ከራሳቸው ጨመሩ፤ የወንድማቸው ሚስት በዚያው ዳገት ላይ መሞቷን። ከዚያ ወዲያ ድምፃቸው እየጨመረ ሄደ። ሲጨርሱ ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ እንኳ የቀነሰ መሰለኝ። አስቴር «እንዲህ ካሉማ ይሰማሉ» አለች። ማርታም ራሷን ነቀነቀች። ሰውነቷ ቀለል ሲላት አየሁ፤ ተቀመጠችና ከጠዋት ጀምሮ ያልነካችውን ዳቦ ጎተተች።

አተካናው ቀረበ። የተቀቀለ ድል አይጣልም፤ በላነው። አቶ ኤርጃቦ ጨምሩልኝ አሉ፤ ምግብ ተበላላቸው። ጋሽ ዴታሞም ለስለስ አሉ። ሰውዬውን አጠገባቸው አስቀምጠው እያጎረሱ፣ እንዲህ መናገር ከቻልክማ ሂድ፣ ልጄ ትከታተልሃለች አሏቸው። እርቅ ወረደ ብዬ እኔም ሪሞቱን ለቀቅኩ።

ወደ ማምሻው ላይ ዜና ጀመረ። ጋሽ ዴታሞ ድምፁን ጨምሩልኝ አሉ። ያው ደረት የሚያንቀጠቅጠው ዜና አንባቢ መጣና፣ ቀን በተላለፈው ውጤት ላይ ስህተት መፈጸሙን፣ ጣቢያው ተመልካቾቹን ከልብ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ተናገረ። በመጨረሻ፣ አልኩ በልቤ። በመጨረሻ ከፍራሽ ሥር ወጡ። የኛ ክልል ተጠራ። ፎቶም ወጣ፤ የማርታ ፎቶ ነው፣ ያው ዓይኗ የፈጠጠው። ዜና አንባቢው ወረቀቱን አየት አደረገና፣ ትክክለኛዋ አሸናፊ ወይዘሮ ኤርጃቦ መሆናቸውን በታላቅ አክብሮት አስታወቀ።

ማንም አልሳቀም። አቶ ኤርጃቦ የጎረሱትን ይዘው ቀሩ። ጋሽ ዴታሞ ብቻ አልተደናገጡም። ሰውዬውን ከጫማቸው እስከ ጢማቸው ቀስ ብለው ተመለከቷቸው፤ እጃቸውን በሐዘኔታ ትከሻቸው ላይ ጣል አደረጉና፣

«ምን ታደርገዋለህ እንግዲህ» አሏቸው፤ «እነሱ ከተናገሩ ተናገሩ ነው።»